የዳር መንደር ሟች

ከሸንቴ ከተማ የሚነሳው የሠራተኞች አውቶቡስ ደኑ ዳር ሲደርስ ሴቶቹ በፊተኛው በር፣ ወንዶቹ በኋለኛው በር ይወርዳሉ። በየበኩላቸው የልብስ መቀየሪያ ቤት አለ። እዚያ ገብተው የከተማ ሰው መሆናቸውን የሚያሳብቅባቸውን ሁሉ ያወልቃሉ፤ መነጽር፣ ሰዓት፣ ቀለበት፣ ክንድ ላይ የሚለጠፈው የጤና ምልክት ሳይቀር። ከዚያ ያለ ሳሙና ይታጠባሉ። ሳሙና የተከለከለው አንድ ጎብኚ ከአንዲት የደን ሴት አንገት ላይ የሎሚ ሽታ ደረሰኝ ብሎ አቤቱታ ካቀረበ ወዲህ ነው።

ቀጥሎ ጥርሳቸው ቡናማ ይቀባል፤ ተረከዛቸው ላይ ንቃቃት ይሳላል። ሰው ሠራሽ ፀጉራቸውን አጥልቀው፣ ከዛፍ ልጥ የተሠራ ልብሳቸውን ታጥቀው ሲወጡ፣ ቁርሳቸውን ቤታቸው በልተው የመጡ አርባ ያህል የሸንቴ ነዋሪዎች ከዓለም ተሰውረው የሚኖሩ የደን ሰዎች ይሆናሉ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው።

አመለወርቅ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይታለች። በዩኒቨርሲቲ የተማረችው የቋንቋ ጥናት ነበር፤ የቀጠሯትም ለዚሁ ነው። ደኑ ከመዘጋቱ በፊት ተመራማሪዎች የቀዷቸው የድሮ ድምፆች አሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች ከእነዚያ ላይ የሚያስፈልጋቸውን ያህል በቃላቸው ያጠናሉ። አመለወርቅ ግን ቋንቋውን ታውቀዋለች። «ዝናብ ሊመጣ ነው» ማለት ሲገባው «ከርከሮዋ ወለደች» ብሎ የሚናገር ባልደረባ ሲያጋጥማት፣ እንዳያፍር ብላ፣ ስንት እንደወለደች ትጠይቀዋለች።

እውነተኞቹ «የውስጥ ሰዎች» ይባላሉ። የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ስሙን መጻፍም መጥራትም በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል። የሚኖሩት አመለወርቅ ከምትሠራበት ከዳር መንደር በስተጀርባ፣ ከጋራው ማዶ፣ ማንም በማይገባበት ደን ውስጥ ነው። ስንት እንደሆኑ አይታወቅም። ድሮ ይታወቅ ነበር። በጉብኝቱ ዘመን በየዓመቱ ይቆጠሩ ነበር፤ በየዓመቱም ያንሱ ነበር። የመጡባቸው ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አንድ ጡረተኛ መምህር ለልጆቹ ከረሜላ አደለ፤ ከከረሜላው ጋር ጉንፋኑንም አደለ። አገሩ ሲገባ ፎቶግራፋቸውን አሳጥቦ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። ፎቶው ላይ ከነበሩት ልጆች ያን ክረምት የተሻገረ አልነበረም። ሰውየው ይህን ሳይሰማ፣ ልጆቹን እንደናፈቀ፣ አርጅቶ ሞተ።

ስለዚህ ደኑ ተዘጋ። ሰው ግን የተከለከለውን ይብስ ይወዳል። በየአቅጣጫው ሾልከው የሚገቡ በዙ፤ መንገድ እናሳያለን የሚሉ ደላሎችም ፈሉ። በመጨረሻ ደኑን እንዲጠብቅ የተቋቋመው የጥበቃ ድርጅት አንድ ዘዴ አሰበ። ደኑ ዳር ሌላ መንደር ሠራ፤ ሰው ቀጥሮም አስገባበት። ጎብኝዎቹ የሚነገራቸው ከውስጥ ሰዎች መካከል አንድ ጎሣ ከሩቅ ለመታየት ፈቅዶ ዳር ድረስ ወጥቷል ተብሎ ነው። ያያሉ፣ ይረካሉ፣ ይመለሳሉ። ከጋራው ማዶ ያሉትን የሚያስታውስ የለም። ዘዴው ሃያ ዓመት ሠርቷል።

ጎብኝዎቹ የሚቀመጡት ከሜዳው ማዶ፣ በብረት እግሮች ላይ በቆመ የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። መውጣት አይፈቀድላቸውም። ለእያንዳንዳቸው አውራ ጣት የምታክል፣ ድምፅም የምታደርስ በራሪ ካሜራ ትሰጣቸዋለች። የመዝገብ ስሟ «ተከታይ» ነው፤ ሠራተኞቹ ግን «ዝንብ» ይሏታል። ጎብኚው መነጽሩን አድርጎ የወደደውን ሰው ይመርጣል፤ ዝንቧም ከዚያ ሰው ትከሻ አትለይም። የምትመለሰው ሰውየው ጎጆው ገብቶ በሩን ሲዘጋ፣ ወይም ጎብኚው መነጽሩን ሲያወልቅ ብቻ ነው። ወደ ደኑ እንዳትገባ የሚያግዳት ነገር አልተሠራም። ወደ ደኑ የሚሄድ ሠራተኛ ስለሌለ ማንም አላሰበበትም።

ጎጆዎቹ ውስጥ የሻይ ማፍያ፣ መጸዳጃ ቤትና የዳማ ገበታ አለ።

ከትርኢቱ ሁሉ ጎብኚ የሚወደው ልቅሶውን ነው። ሟቹ ገረመው ነው። ገረመው ቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ስልሳ ሊሞላው የቀረው ጥቂት ነው፤ ሰውነቱ ከባድ ስለሆነ ተሸካሚዎቹ ያማርሩበታል። በሳምንት አራት ጊዜ ይሞታል። «ጡረታ ስወጣ የሚቸግረኝ በሕይወት መቆየቱ ነው» ይላል።

ሚስቱ ሆና የምታለቅስለት ብርቅነሽ ነበረች። ከብርቅነሽ በፊት ደግሞ አመለወርቅ ነበረች። ባሏ ይትባረክ የሞተ ጊዜ ግን አመለወርቅ ቢሮ ገብታ ወደ ውኃ ቀጂነት እንዲያዛውሯት ጠየቀች። ምክንያቱን አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም። በይትባረክ ቀብር ላይ አላለቀሰችም። ጥቁር መነጽር አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ የመጣውን ሰው ሁሉ በየስሙ እየጠራች አመሰገነች። ሰዎች ጠንካራ ናት አሉ። ሌላ ነገር ያሉም ነበሩ። እሷ ሁለቱንም እንዳልሰማች ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ውኃ ስትቀዳ ኖረች። የዳር መንደር ውኃ ቀጂ ሥራዋ ከወንዙ ቀድቶ መምጣትና መልሶ እዚያው ማፍሰስ ነው።

ያን ሰሞን የብርቅነሽ ድምፅ ተዘጋ። የማስመሰል ልቅሶ ጉሮሮ ይጎዳል፤ ሐኪሙ እንዳትናገር አዘዛት። ናርዶስ የመስታወት ቤቱ አስጎብኚ ናት፤ የየቀኑን ትርኢት የምትደለድለውም እሷ ናት። አመለወርቅን ወንዙ ዳር ድረስ ሄዳ አገኘቻት።

«እትዬ አመለ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ። ሌሎቹ እኮ ቃሉን አይችሉትም። ትናንት አንዷን ብሞክራት ባሏን “የኔ ማሰሮ” አለችው።»

«ቃሉ እንደዚያ ነው፤ ማሰሮዬ ይላሉ።»

«አየሽ? እኔም አላውቀውም።»

አመለወርቅ እንስራዋን አስቀመጠች። ናርዶስ ተጨማሪ ምክንያት ለመደርደር አፏን ስትከፍት፣ «እሺ» አለቻት።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ተጀመረ። ገረመው ቅጠል ላይ ተጋደመ። አመለወርቅ በሬሳው ዙሪያ አመድ አሰመረች። ከድሮዎቹ ድምፆች የተማሩት ወግ ነው፤ ከአመዱ ወዲህ ባለሐዘኗ ብቻ ትቀመጣለች፤ ሌላው ከመስመሩ ማዶ ሆኖ ያለቅሳል፤ ራሷ በእጇ እስክታጠፋው ድረስ ማንም አይሻገረውም። ከዚያ ሟቹን በስሙ መጥራት ነበረባት። የገረመው የደን ስም ኦሺ ነው። አመለወርቅ «ኦሺ» ለማለት አፏን ከፈተች።

የወጣው ስም አልነበረም። የወጣው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቃል የሌለው፣ ከሆዷ የተነሳ። ሜዳውን አቋርጦ ጋራውን መታና ተመልሶ መጣ። ክብ ሠርተው የሚያለቅሱት ሴቶች የራሳቸውን ልቅሶ ረስተው ቀና አሉ። አመለወርቅ እጇን አፏ ላይ ብታደርገውም አልቆመላትም። የገረመው ዓይኖች ከቆባቸው ሥር ተንቀሳቀሱ፤ አልከፈታቸውም። የመስታወት ቤቱ ውስጥ፣ በኋላ እንደተሰማው፣ ጎብኝዎቹ ተነስተው አጨበጨቡ።

ለእረፍት ጎጆው ገብተው በሩን ሲዘጉ ገረመው ቅጠሉን ከጀርባው እያራገፈ ሻይ ማፍያው ጋ ሄደ።

«ልቅዳልሽ?»

«ቅዳልኝ።»

ቀዳላት። ስኳሩን ጨምሮ ራሱ አማሰለላት።

«ብዙ ጊዜ ሞቻለሁ» አለ፣ ብርጭቆውን ሲሰጣት። «እንደ ዛሬ ግን ተለቅሶልኝ አያውቅም። ለእኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል።»

«ገረመው።»

«ዝም ብያለሁ። ሬሳ አይደለሁ?»

በማግስቱም ልቅሶው እንደዚያው ሆነ። እሷ አልፈለገችውም፤ ግን ሲመጣ መያዝ አቃታት። ናርዶስ የጎብኝዎቹን አስተያየት ልታነብላት መጣች፤ አመለወርቅ እጇን አንስታ ከለከለቻት።

በሦስተኛው ቀን ልቅሶው መሐል ላይ ከደኑ አንዲት ሴት ወጣች።

አጭር ናት፤ ወጣትም አሮጊትም አይደለችም። የዛፍ ቅርፊት አገልግል በማንገቻ ጀርባዋ ላይ አዝላለች። አልተቻኮለችም። ክቡ ዳር ያለችው አልቃሽ አዲስ ባልደረባ መስላት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። አመለወርቅ ግን ከሩቁ እግሯን አየች። የዳር መንደር ሰዎች ባዶ እግራቸውን ሲሄዱ፣ ስንት ዓመት ቢሠሩም፣ በጨለማ ነጠላ ጫማ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ይህች ሴት መሬቱን ሳታይ ትረግጠው ነበር።

አመለወርቅ ሁለቱን እጆቿን ከራሷ በላይ አነሳች። በትርኢቱ ይህ «ከሟቼ ጋር ብቻዬን ተዉኝ» ማለት ነው፤ የሚደረገውም መጨረሻ ላይ ነው። ሴቶቹ ቀደም ብሎ የመጣውን እረፍት ሳይጠይቁ ተቀበሉት፤ እየተንሾካሾኩ ወደ ጎጆዎቻቸው ገቡ። ሜዳው ላይ አመለወርቅ፣ ሬሳውና እንግዳዋ ቀሩ።

እንግዳዋ አመዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ተንበረከከች። አገልግሉን ፊቷ አስቀመጠች።

«የማን ነው?» አለች። ድምፁ ከድሮዎቹ ቅጂዎች ይልቅ ፈጠን ያለ ነበር፤ ቃሉ ግን ያው ነው።

«የእኔ ነው» አለች አመለወርቅ።

«አውቃለሁ። ሰምተንሽ ነው። እናንተ ስታለቅሱ ሁልጊዜ እንሰማለን። ልጆቻችን ይስቃሉ፤ የዳር ሰዎች ሞት እየተጫወቱ ነው ይላሉ። ሰሞኑን ግን አልሳቁም። እናቴ “ሂጂ፣ ከእነሱ አንዷ የእውነት ሞቶባታል” አለችኝ።»

አገልግሉን ከፈተችው። ማር ነው፤ ጥቁር፣ ከነሰፈፉ። ወደ አመዱ መስመር ገፋ አድርጋው ወደ ኋላ አፈገፈገችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አመለወርቅ ይህንንም ከቅጂዎቹ ታውቀዋለች። ባለሐዘን አይበላለትም፤ ስለዚህ ጎረቤት ማር ይዞ ይመጣል፤ ሲውጥ ሳያይም አይሄድም።

ይህን ጊዜ ነው ዝንቦቹን ያስተዋለችው። አንዷ ከራሷ ትከሻ ላይ ተነስታ ወደ እንግዳዋ ሄደች። ሌላዋ ከገረመው ደረት ላይ ተነሳች። ከጎጆዎቹ በር ላይ የተመለሱት ሁሉ ተራ በተራ መጥተው ከሴትየዋ ራስ በላይ አንዣበቡ። የመስታወት ቤቱ ውስጥ ያሉት ጎብኝዎች አዲሷን ሴት ወደዷት ማለት ነው። አመለወርቅ ማሩን ስትበላ ሴትየዋ ተነስታ ትሄዳለች፤ ዝንቦቹም ከትከሻዋ ሳይለዩ ጋራውን ያልፋሉ፣ እናቷ የተቀመጠችበት ደጃፍ ይደርሳሉ። ማምሻውን መንገዱን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በሳምንቱ ከረሜላ የያዘ ሰው ይደርሳል።

አመለወርቅ ሬሳው ላይ ተደፋች። ግንባሯን ደረቱ ውስጥ ቀበረች።

«ገረመው፣ ዓይንህን አትክፈት» አለችው በአማርኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል።

«ምን ሆነሻል? ልቅሶው ተቋረጠ እኮ።»

«ሰው መጥታለች። ከውስጥ።»

የገረመው ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱን አቆመ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ሬሳ መስሎ አያውቅም።

«ከውስጥ፣ ከውስጥ?»

«አዎ።»

«እና አሁን እንደሞትኩ ልቆይ ወይስ ልነሳ?»

«ዝንቦቹ ሁሉ እሷ ላይ ናቸው። መነጽራቸውን ካላወለቁ ቤቷ ድረስ ይከተሏታል። ልንነግራቸው ነው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። እኛ ውሸት ከሆንን እሷም ውሸት ናት።»

ጉንዳን አንገቱ ላይ ሲሄድ ታየዋለች፤ አላራገፈውም።

«እንጀራችን ነው አመለ። የአርባ ሰው።»

«አውቃለሁ።»

«ብርቅነሽ ቤት እየሠራች ነው።»

«አውቃለሁ ገረመው።»

«ማወቅሽን አውቃለሁ። እንዲሁ ይባል ብዬ ነው» አለ። «በቃ፣ ተነስቻለሁ።»

አመለወርቅ ቀና ብላ እንግዳዋን አየቻት። «እህቴ፣ አሁን የምናደርገው ጨዋታ ነው። አትደንግጪ፣ እንደተቀመጥሽ ሁኚ» አለቻት።

«ጨዋታችሁን እናውቀዋለን» አለች ሴትየዋ።

ሟቹ ተነስቶ ተቀመጠ። አንገቱን በደንብ አከከ። ፀጉሩን ከራሱ ላይ መዥርጦ አወለቀና እንደ ባርኔጣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ጎጆዎቹ ዞሮ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ ይጠራበት በነበረው ድምፅ፣ «ምሳ አልደረሰም እንዴ? ዛሬም ፓስታ ነው?» አለ።

አመለወርቅም ቆመች። ሰው ሠራሽ ፀጉሯን አወለቀች፤ ከሥሩ በፒን የተያዘ ሽበታም አጭር ፀጉር ወጣ። ጥርሷን በአውራ ጣቷ ጠረገች፤ ቡናማው ለቀቀ። ከዝንቦቹ ወደ አንዷ ፊቷን አቀናችና በክፍል ውስጥ እንደሚነገር ረጋ ብላ ተናገረች።

«ክቡራን ጎብኝዎች፣ አመለወርቅ እባላለሁ። የሸንቴ ከተማ ነዋሪ ነኝ። እዚህ ያለነው ሁላችንም ተቀጣሪዎች ነን። ዛሬ የምታዩት ልቅሶ ትርኢት ነው፤ ትናንት ያያችሁትም ትርኢት ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

የመስታወት ቤቱ ውስጥ ሰዎች ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ። ናርዶስ ሁለት እጆቿን ራሷ ላይ ጭና ስትዞር ከሩቅ ትታያለች። ጥቂት ቆይቶ የአደጋ ጊዜ የድምፅ ማጉያው ተንጫጫ፤ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ወጣ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የቆሰለ ነገር ነበረበት።

«ልጄ፣ እኔ አምስት ዓመት ተራ ጠብቄ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ እነዚህን ሰዎች ማየት ትመኝ ነበር፤ ሳይሆንላት አለፈች። በእሷ ፈንታ ልይላት ብዬ ነበር።»

አመለወርቅ እግሯን ተመለከተች፤ የተሳለው ንቃቃት በላቡ ለቆ ተዝረክርኳል።

«ይቅርታ አባቴ» አለች።

«እና ሁላችሁም?» አለ ሽማግሌው። «ያቺስ? ማሩን ይዛ የመጣችው? እሷ ሌላ ትመስላለች።»

ዝንቦቹ አልተነሱም። ሁሉም ሴትየዋ ላይ ነበሩ። ገረመው ነው ቀደም ያለው።

«እሷ?» አለና ሳቀ። «እሷ አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ ገና ልምምድ ላይ ናት። አያዩአትም? ባለሐዘን ቤት መጥታ ሳታለቅስ ተጎልታለች። ማስጠንቀቂያ ሊሰጣት ነው።»

«እናንተ ስታቆሙ እሷ ለምን አላቆመችም?»

«ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ይላል፣ ጋሼ። ምሳ ስንል ነው የምትሰማው።»

ቀጥሎ ከሽማግሌው ጀርባ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ «እኔ ገና ስትመጣ ነው የጠረጠርኳት። አረማመዷ ራሱ የውሸት ነው» አለች። ሌላ ሰው አዎ አለ። ሌላው፣ አገልግሉ ከገበያ የተገዛ መሆኑ ያስታውቃል አለ። አንዲቷ ዝንብ ከሴትየዋ ራስ በላይ ተነሳችና ወደ መስታወት ቤቱ ተመለሰች። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ሁሉም በአንድነት፣ እንደተበተነ ጭስ፣ ሄዱ። የመጨረሻዋ ትንሽ ዘገየች። የሽማግሌው ሳትሆን አትቀርም። እሷም ተመለሰች።

አመለወርቅ ወደ አመዱ መስመር ተመልሳ ተቀመጠች። ያለ ፀጉሯ፣ ግማሽ ጥርሷ ነጭ፣ ግማሹ ቡናማ ሆኖ። ሴትየዋ ከእግር እስከ ራስ አየቻትና አልገረማትም።

«ይኼኛው አይደለም» አለች፣ ቅጠሉ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደሚያክከው ገረመው በአገጯ እያሳየች። «ያንቺው የታለ?»

«ሩቅ ነው። ከተቀበረ ቆይቷል።»

«ቆይቶ ነው ያለቀስሽለት።»

«ቆይቶ ነው።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህም የሚያጋጥም ነገር ነው እንደማለት። ከዚያ እጆቿን ዘረጋች። «መስመሩን አጥፊው፣ ልቀፍሽ» አለች።

የአመለወርቅ እጅ አመዱ አጠገብ ነበር። አንድ ጊዜ በመዳፏ ብትጠርገው ይበቃል። በቀብሩ ዕለት ስንት ሰው አቅፏት ነበር፤ ማናቸውም እንዳላገኟት ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ናርዶስ ስታስነጥስ እንደነበር አስታወሰች። አውቶቡሱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስል አለ። እጇን ሰብስባ ጉያዋ ውስጥ አደረገች።

«አላጠፋውም» አለች። «አሁን አልችልም።»

«እንግዲያው ገና ነሽ» አለች ሴትየዋ፣ ሳትቀየማት። እጆቿን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች። «ብዪ።»

አመለወርቅ ከሰፈፉ ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች። ጭስና አበባ፣ ትንሽም መራራ ነገር አለው። ዋጠችው። ሴትየዋ አንገቷን እያየች ሌላ እስክትውጥ ጠበቀች፤ ሌላም። ከዚያ ተነሳች።

«ስሙን ንገሪኝ። እናቴ ትጠይቀኛለች።»

«ይትባረክ» አለች አመለወርቅ። ስሙን ከፍ አድርጋ ከጠራች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር።

ሴትየዋ ደገመችው። መጀመሪያ አልሆነላትም፤ አፏ ውስጥ አገላበጠችው፣ ሁለተኛ ጊዜ ተስተካከለ። እንዳትረሳው ይመስላል፣ እየደጋገመች ወደ ዛፎቹ ሄደች። አመለወርቅ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማችው። ከኋላዋ የሚበር ነገር አልነበረም።

ናርዶስ ሜዳውን እየሮጠች ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። «እትዬ አመለ፣ ምን ነካሽ? ጋሽ ገረመው፣ አንተስ? ሊከሱን ነው እኮ፤ ሁሉም ተነስተው ወጡ፤ እኔ…» አለችና ዓይኗ አመዱ ማዶ ያለው አገልግል ላይ አረፈ። ከዚያ የተረገጠው ሣር ላይ። ሣሩ ወደ ደኑ ተጋድሞ ነበር። ናርዶስ ቆም ብላ አየችው።

«አዲሷ ተቀጣሪ የት ሄደች?» አለች በመጨረሻ፣ በሌላ ድምፅ።

«ለቀቀች» አለ ገረመው። «ሥራው አልተስማማትም።»

ናርዶስ ተቀመጠችና ሣሩን በእጇ ቀና ቀና ታደርገው ጀመር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም። ወሬው አንድ ወር ያህል ተወራ። ዳር መንደር የዘመኑ ትልቅ ማጭበርበር ተባለ። በየውይይቱ የቀረቡ ምሁራን ከጋራው ማዶ ሰው እንደሌለ፣ ምናልባትም ኖሮ እንደማያውቅ አስረዱ። የትርኢት ሐያሲ ነኝ የሚል አንድ ሰው የመጨረሻውን ቀን ምስል ተመልክቶ ትንታኔ ሰጠ፤ የባለሐዘኗን ልቅሶ ብቃት ያለው አለው፤ ማር ይዛ የመጣችውን ሴት ግን ከሁሉም ደካማዋ ተዋናይ፣ አንድም እንቅስቃሴዋ የማያሳምን ሲል ተቻት። ደላሎቹ ሌላ ሥራ ያዙ። የደኑ በር ጠባቂዎች የሚመልሱት ሰው አጥተው ከሰዓት በኋላ ዳማ መጫወት ጀመሩ። የጥበቃ ድርጅቱ መንደሩን ዘጋ፤ ጎብኚ የሚያታልልበት ምክንያት አልነበረውም።

ሠራተኞቹ የቀረ ዕቃቸውን ለመውሰድ ለመጨረሻ ጊዜ በአውቶቡሱ ሄደው ተመለሱ። ብርቅነሽ ድምፅዋ ተመልሶላት ከፊት ተቀምጣ ከሾፌሩ ጋር ታወራለች። ለአመለወርቅ ሰላምታ አልሰጠቻትም። አመለወርቅም አልፈረደችባትም፤ ቤቱ ገና ጣሪያ አልወጣለትም። ገረመው ከወንዶቹ ተነስቶ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ከረጢቱ ውስጥ ሰው ሠራሽ ፀጉሩን ይዟል፤ አላስረከበም።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለችው።

«የልጅ ልጆቼን አስደነግጥበታለሁ። አንቺስ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ማስተማር። የሚቀጥረኝ ካገኘሁ።»

«ታገኛለሽ። ዋሽታ የማታውቅ ሴት ነች ብዬ እመሰክርልሻለሁ።»

መንገዱ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጋራው በመስኮቱ ታየ፤ ጉም ለብሷል፤ ከዚያ ዞረና ጠፋ። ገረመው ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ።

«ይትባረክ እኮ ማር አይወድም ነበር» አለች አመለወርቅ።

ገረመው አልዞረም። «ታዲያ ምን ይወድ ነበር?» አለ።

አሰበች። «ሚጥሚጣ» አለች። «በሆነው ባልሆነው ላይ። ግንባሩን እያላበው፣ ሚጥሚጣውን የፈለሰፈውን ሰው እየተሳደበ ይበላ ነበር። ተው ስለው ደግሞ ይጨምራል።»

ገረመው ሳቀ። ሸንቴ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ይቀር ነበር፤ እሷም ቀጠለች።